ጅብ የደረደራቸው ጠጠሮች

አንድ ጊዜ፣ «ውኃ የሰጠህን ብላ፤ የደበቀብህን ተውለት» እያለ ያሳደገው አባት የነበረው አንድ ጅብ በሐይቅ ዳር ይኖር ነበር። አባትየው ይህን ቃል ጠዋት ሲነሣም፣ ማታ ሲተኛም፣ አጥንት እየቆረጠመም ይለው ነበር። ልጁ ግን ከመልመዱ የተነሣ ቃሉ እንደ ዝናብ ድምፅ ሆኖበት፣ ይሰማዋል እንጂ አያዳምጠውም።

አባትየው የወንዝ አፍ ጠባቂ ነበረ። ከተራራው የሚወርደው ወንዝ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በየክረምቱ ውኃው ደፍርሶ ሲሞላ፣ እናት ዓሦች ከሐይቁ ተነሥተው ሽቅብ ወደ ወንዙ ይወጣሉ። ላይኛው ጠጠር መሐል እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ስለዚህ የአራዊት ሸንጎ «ከሐምሌ አቦ እስከ መስቀል በወንዙ አፍ ዓሣ የሚነካ አይኑር» ብሎ ደነገገ። ጥበቃውንም ለጅብ ቤት ሰጠ።

«ለጅብ? ለምን ሲባል?» ያሉ ነበሩ።

«ጅብ ካለበት ሌላ ሌባ አይደርስም» ብሎ አንበሳ፣ የአራዊቱ ንጉሥ፣ ነገሩን ዘጋው።

አባትየው ሲሞት ሹመቱ ለልጁ ዞረ። ልጁ ሆዱ ሰፊ ነው፤ አሳቡ ግን አዝጋሚ ነው። ቁጥር እስከ ሰባት ያውቃል፤ ከሰባት በኋላ ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል። እንዲያም ሆኖ ክፉ አልነበረም። ሲጠግብ ደግ ነው፤ ችግሩ መቼ ጠግቦ።

በአንድ ሐምሌ ከማይታወቅ አገር አንዲት ሽመላ መጥታ በወንዙ አፍ ቆመች። አንገቷ ላይ ከቄጠማ የተገመደ ረጅም ገመድ ጠምጥማለች። ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቋጠሮ በቋጠሮ ነው።

«አንቺ እንግዳ፣ ከዚያ ውጪ» አላት ጅብ። «ዓሣ መንካት ክልክል ነው።»

«እንደምን ዋልክ፣ አያ ጅቦ። እኔ ልበላ አልመጣሁም፤ ልቆጥር ነው የመጣሁት።»

«ዓሣ ቆጥረሽ ምን ልታደርጊው?»

«ስንት እንዳለ ካላወቅን ስንት እንደምንበላ በምን እናውቃለን?»

ጅብ ጥቂት አሰበ። ማሰብ ያደክመው ነበርና ተወው፤ ቁጭ ብሎ ያያት ጀመር።

ሽመላዋ እንደ ሌላ ዓሣ በል አልነበረችም። እናት ዓሦቹ በቡድን በቡድን ሲያልፉ እያየች ትቆጥራለች። ከየቡድኑ አንዷን በመንቁሯ ቀስ አድርጋ ታወጣና እርጥብ ሣር ላይ ታስተኛታለች። ቁመቷን በእግሯ ትለካለች። ከጎኗ አንዲት ቅርፊት ትነቅልና ወደ ፀሐይ አንሥታ ትመለከታለች።

«ምን ይታይሻል?» አለ ጅብ ጠጋ ብሎ።

«ዕድሜዋ። ቅርፊቷ ላይ እንደ ተቆረጠ ግንድ ክብ ክብ መስመር አለ፣ አየኸው? ይህቺ አምስት ክረምት አልፏታል። ልትወልድ ስትመጣ ገና የመጀመሪያዋ ነው።»

«አምስት ዓመት ሙሉ ሳትወልድ? እኔ ዓሣ እንደ ምስጥ የሚፈላ ነበር የሚመስለኝ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል» አለችና ዓሣዋን ወደ ውኃው መለሰቻት። ጅብ በዓይኑ ሸኝቷት ምራቁን ዋጠ።

ከዚያ ሽመላዋ ገመዷን ከአንገቷ ፈትታ ዘረጋችለት። «ይህን የቋጠረችው እናቴ ናት። አንዱ ቋጠሮ አሥር እናት ዓሣ ነው። በእናቴ ልጅነት የአንድ ክረምት ገመድ ከዚህ እስከዚያ ዋርካ ይደርስ ነበር። መጨረሻ በመጣችበት ክረምት አንድ ክንድ ብቻ ሆነ። ዘንድሮ የሚወጡት በሰላም ካለፉ ሐይቁ ይተርፋል። ካላለፉ ግን፣ አያ ጅቦ፣ እኔም የምቆጥረው የለኝ፣ አንተም የምትጠብቀው የለህ፣ አራዊቱም ሁሉ የሚበሉት የላቸው።»

ጅብ ይህች ገባችው። የሚበላ ነገር የሌለበት አገር ምን እንደሚመስል ማሰብ አላቃተውም።

«ከተራራው ማዶ ሌላ ወንዝ አለብኝ» አለች ሽመላዋ። «ፍልሰታ ሲገባ ሄጄ፣ ሲፈታ እመለሳለሁ። የሚበዙት የሚያልፉት በእነዚያ ቀናት ነውና እስከዚያ አንተ ቁጠርልኝ።»

«እኔ ከሰባት አልዘልቅም» አለ ጅብ አንገቱን ደፍቶ።

«ይህማ አያሳፍርም። አንዲት እናት ዓሣ ባለፈች ቁጥር አንድ ጠጠር ከወንዙ አንሥተህ እዚህ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጥ። ቁጥሩን ለእኔ ተወው።»

«ሳላይ ባስቀምጥስ? በምን ታውቂብኛለሽ?»

ሽመላዋ ሳቀች። «አላውቅብህም። እናቴ ግን አባትህን ታውቀው ነበር። ‹የዚያን ጅብ ቃል በዓይኔ እንዳየሁት አድርጌ እቋጥረዋለሁ› ትል ነበር። አንተ ደግሞ የእሱ ልጅ ነህ።»

የጅብ ደረት ተነፋ። ከተወለደ ጀምሮ እንዲህ ብሎት የሚያውቅ አልነበረም።

ፍልሰታ ገባ። ሽመላዋ ሄደች። ጅብ አራት ቀን ከውኃው ዳር ሳይነቃነቅ ዋለ። ዓሣ ሲያልፍ ጠጠር፣ ዓሣ ሲያልፍ ጠጠር። ሆዱ ይጮኻል፤ እሱ ግን ጠጠሩን ያስቀምጣል። በአምስተኛው ቀን ቀበሮ መጣች። ቀበሮ የአንበሳ ጓዳ ሹም ናት። ከኋላዋ አህያ ጆንያ ተሸክማ ትከተላለች፤ ጅብን ስታይ ግን ራቅ ብላ ቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ከስተህ የለም እንዴ» አለች ቀበሮ። «ጎድንህ እኮ ይቆጠራል፤ ሽመላዋ አንተንም መቁጠር ትችላለች።»

«ጾም ነው፣ እመት ቀበሮ።»

«ጾሙንስ ጌታዬ አንበሳም ይዘውታል። ጎመን ባቀረብኩ ቁጥር ያገሳሉ። ትናንት ሳህኑን ረገጡት። ለገበታቸው ዓሣ ካላገኘሁ ነገ እኔን ነው የሚበሉኝ፣ ጾም አይሉ ጾም።»

«በጾም ዓሣ ይበላል እንዴ?» አለች አህያ ከሩቅ። «አይበላም የሚሉ አሉ።»

«አንቺ ሣርሽን ጋጪ» አለቻት ቀበሮ።

ጅብ ራሱን ነቀነቀ። «ክልክል ነው፣ እመቤቴ። ደግሞ እንግዳዋ አደራ ብላኛለች።»

«እንግዳዋ! ማን ናት እሷ? በማያውቋት አገር መጥታ ቁርበት አንጥፉልኝ ትላለች።»

ተረቱ የተተረተው በጅብ ዘር ላይ መሆኑን ጅብ ረስቶት ሳቀ። ቀበሮም ሳቁን አይታ ጠጋ አለች። «ዓሣ የሚበላ ወፍ ‹ዓሣ አትንኩ› ሲል ለማን ብሎ ነው? አንተን አስጠብቃ፣ ተመልሳ ለብቻዋ ልታነሣው ነዋ። ስትጾም ከርመህ የሌላ ሆድ ልትሞላ ነው።»

ጅብ ይህን አላሰበውም ነበር። «መረብ የለኝም እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

ቀበሮ ይህን ስትሰማ እንደያዘችው አወቀች። «መረብ ማን ጠየቀህ? ብርብራ ይዤ መጥቻለሁ።»

ብርብራ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣውን ያሰክረዋል፤ ዓሣው ራሱን ስቶ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በዚያ አገር የማያውቀው የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ክልክል ነው ይላል፣ ሁሉም አንድ ቀን አድርጎታል።

«ከላይ አንተ ትበትናለህ፣ ከታች እንለቅማለን» አለች ቀበሮ። «ትንሽ ናት። ሐይቁ እንደሆነ ባሕር ነው። አባቶቻችን በልተው በልተው ያላለቀ ዛሬ በአንተ ሆድ ያልቃል?»

ጅብ የአባቱ ቃል ትዝ አለው። ወዲያው ግን ሆዱ ጮኸ፤ የሆዱም ድምፅ ከአባቱ ድምፅ በለጠበት። ጆንያውን ከአህያዋ ጀርባ አውርዶ ሽቅብ ወጣና በገዛ እጁ በተነው።

መጀመሪያ አንድ ታየ። ቀጥሎ ሦስት። ከዚያ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነ፤ ሁሉም ሆድ ነበር። ትልቁም፣ ትንሹም፣ ጣት የማታህል ጫጩት ዓሣም፣ እንቁራሪቱም ተንሳፈፈ። ቀበሮ ትልልቁን መርጣ አህያዋን አስጫነችና «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች። የቀረው ለጅብ ቀረ።

በላ። በጥርሱ መሐል የእናት ዓሦቹ እንቁላል እንደ ማሽላ ፍሬ እየፈነዳ በላ። ያኔ ነው የአባቱ ቃል የገባው፤ ውኃው የደበቀው ይህን ነበር። ገባው፤ መብላቱን ግን አላቆመም። እየበላ አለቀሰ፣ እያለቀሰ በላ። ያልቻለውን ወንዙ ወደ ሐይቁ ወሰደው፤ ዳር ላይ የቀረውም ሸተተ። ከኋላ ይመጡ የነበሩት እናት ዓሦች የውኃው ጠረን ሲከብዳቸው ከወንዙ አፍ ተመለሱ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም አልወጣም።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ የነበሩት የአራት ቀን ጠጠሮች ብቻ ናቸው። ጅብ በየቀኑ ያያቸዋል። ሽመላዋ ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት ተነሥቶ ከወንዙ ራቅ ወዳለው ጉብታ ወጣና ጠጠር ለቀመ። ሰባት ያመጣል፣ ይደረድራል፤ እንደገና ሰባት ያመጣል። እስከ ማታ ቆለለው።

በማግስቱ ሽመላዋ መጣች። ክምሩን አይታ ክንፏን ዘረጋች። ጠጠሩን አሥር አሥር እያደረገች መቋጠር ጀመረች፤ አንዱን ቋጠሮ ጨርሳ ሌላውን ስትጀምር ድምፅ አውጥታ ትስቃለች። የዘንድሮው ገመድ ከአንድ ክንድ አልፎ ሁለት፣ ከሁለት አልፎ ሦስት ክንድ ሆነ።

«አያ ጅቦ፣ ይህን እናቴ ባየችው። አባትህም ባየው። እውነትም የእሱ ልጅ ነህ።»

ጅብ ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ። «ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል» አለ።

«እግዜር ይማርህ፤ ሳትበላ ከርመህ ነው» አለችው። እሱም ወደ ጫካው ገብቶ እስክትሄድ ድረስ አልወጣም።

በመስቀል ማግስት ሸንጎ ተቀመጠ። ሽመላዋ ገመዷን ዘርግታ «ዘንድሮ ዓሣው በርትቷል፤ ካለፈው ጥቂት ጨምራችሁ ብትይዙ አይጎዳም» አለች። አንበሳም ደስ ብሎት ፈቀደ። «ጥቂት» ያለችው በዚያው በሸንጎው ላይ «ብዙ» ሆነ፤ እያንዳንዱ መረቡን ሁለት አደረገ። ዓመቱን ሙሉ የሐይቁ ዳር አጥንት በአጥንት ሆነ።

ጅብ ዓሣ መቅመስ አልቻለም። ከሳ።

«ጅብ ጠግቦ አየን ማለት ነው?» ትለዋለች አህያ ከሩቅ። እሱ ጠዋት ጠዋት ወደ ምሥራቅ ዞሮ «ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ» ይላል፤ ብሎም ይመለሳል። ለፈጣሪ መናገር አልከበደውም፤ ፈጣሪ አስቀድሞ ያውቀዋልና። የከበደው ለማታውቀው ለሽመላዋ መናገር ነበር። «ስትመጣ እነግራታለሁ» እያለ ዓመቱ ዞረ።

ሐምሌ መጣ። ወንዙ ደፈረሰ፣ ሞላ። ሽመላዋ በወንዙ አፍ ሦስት ቀን ቆመች። አንድም ዓሣ አላለፈም። በሐይቁም ላይ መረብ ሁሉ ባዶውን ይወጣ ጀመር። ጅብ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሆኖ ያያታል። «አሁን ልንገራት» ይላል፤ ከቁጥቋጦው ግን አይወጣም።

በአራተኛው ቀን አንበሳ ሸንጎውን በወንዙ ዳር ሰበሰበ።

«እመት ሽመላ» አለ፣ «ዓሣ በርትቷል አልሽን። አምነን በላን። አሁን ልጆቻችን ምን ይብሉ? ቁጥርሽ አጠፋን።»

«እውነትዎን ነው፣ ጌታዬ» አለች ሽመላዋ። አንገቷ ያለወትሮው አጥሮ ነበር። «ሌሊትም ቀንም አሰብኩት። የት ላይ እንደተሳሳትኩ አላገኘሁትም፤ ግን ተሳስቻለሁ። እናቴ አንድ ቀንም ያላዛባችውን እኔ አዛባሁት። ሁለተኛ ማንንም እንዳላስት ይህን ገመድ ለውኃው እሰጠዋለሁ፤ ወደዚህም አልመለስም።»

«ድሮም ከባዕድ ምክር ምን ሊገኝ» አለች ቀበሮ። ከአንበሳ ጎን ተቀምጣ ነበር።

ሽመላዋ ገመዱን ከአንገቷ መፍታት ጀመረች። ጅብ አየ። ብትጠረጥረው ኖሮ ዝም ይል ነበር፤ ቢከሱትም ይክድ ነበር። እሷ ግን አልጠረጠረችውም። የእሱን ጥፋት በራሷ ላይ ፈልጋ አጥታ፣ አጥታም ተቀብላው ልትሄድ ነው። የጅብ ወገብ ድሮም ጎባጣ ነው፤ ያን ቀን መሬት ነካ። እየጎተተ መሐል ገባ።

«ገመዱን አትጣዪው» አለ።

ሁሉም ዞሩ።

«አብዛኞቹ ጠጠሮች የወንዝ አይደሉም። ከጉብታው ነው የለቀምኳቸው።»

ማንም አልገባውም። ቀድማ የገባት ሽመላዋ ናት፤ ዓይኗ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሄዶ ቀረ።

«አራት ቀን በእውነት ቆጠርኩ» አለ ጅብ። «በአምስተኛው ብርብራ በተንኩ። እናት ዓሦቹን ከነእንቁላላቸው በላሁ። ከዚያ በበላሁት ምትክ ጠጠር ደረደርኩ። እሷ ትክክል ቆጥራለች። የቆጠረችው ግን የእኔን ውሸት ነው።»

«ከጅብ አፍ ደግሞ ምን እውነት ይወጣል?» አለች ቀበሮ ፈጠን ብላ። «ቁጭ በል አንተ ሆዳም።»

ያን ጊዜ አህያ ከኋላ ጆሮዋን አነሣች። «ብርብራውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አለች። «ስመለስ ደግሞ ዓሣውን። ክልክል መሆኑን አውቅ ነበር። የሚናገር አህያ ዱላ ነው የሚያተርፈው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ዓሣውን ወዴት ተሸከምሽ?» አለ አንበሳ።

«ወደ ጌታዬ ጓዳ።»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። የቀበሮ መቀመጫ ባዶ ነበር። ሊያገሣ አፉን ከፈተ፤ መልሶም ገጠመው። ያ የፍልሰታ ገበታ፣ ያ ሆዱን እንቁላል የሞላው ዓሣ ፊቱ ላይ መጣበት።

«ሲቀርብልኝ ጣፈጠኝ» አለ በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። በጅብ ላይ የምፈርደው በየትኛው አፌ ነው?»

ፍርድ ሳይሰጥ ተነሥቶ ሄደ። የቀሩትም መሬት መሬቱን እያዩ አንድ በአንድ ተበተኑ። መረቡን ሁለት ያላደረገ ከመሐላቸው አልነበረምና ጅብን ቀና ብሎ የሰደበው የለም።

ወንዙ ዳር ሽመላዋና ጅብ ቀሩ። እሷ የሐሰቱን ቋጠሮ አንድ በአንድ በመንቁሯ ትፈታለች። እሱ ዓመቱን ሙሉ ድንጋዩ ላይ የከረሙትን የጉብታ ጠጠሮች ሰባት ሰባት እያደረገ ወደ ጉብታው ይመልሳል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ የሐሰቱ ቋጠሮ አለቀ፤ ካምናው ገመድ የቀረው አንድ ስንዝር ነበር። ጅብ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ክንፏን ዘርግታ ስትሄድ እንዳያያት ዓይኑን ጨፈነ።

የክንፍ ድምፅ ግን አልሰማም። የሰማው የእግሯን ኮቴ ነበር፤ መጥታ አጠገቡ ቆመች። በደፈረሰው ውኃ ውስጥ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ሽቅብ ሲገፋ ውኃው ተላወሰ። ሽመላዋ አየችው፤ ከመሬት አንድ ጠጠር አንሥታ የጅብ መዳፍ ላይ አኖረች።

ከዚህ የምንማረው፣ በደላችንን በውሸት ብንሸፍነው በደሉ እየወለደ ያመነንን ሁሉ እንደሚያጠፋ፣ አፍረን ከተናዘዝን ግን የተረፈውን ለማዳን ገና ጥቂት ጊዜ እንዳለን ነው፤ እንግዳዋም ያን ቀን ጭቃ ላይ ለተደፋው ጅብ የተናገረችው ቃል ይህ ነበር፦ «በል ተነሥ፤ የቀረውን እንቁጠር።»